ሱቅና መጋዘን ስንፈትሽ እሳት የሚነሳበትን ቦታ እንዴት እናውቃለን?

ፍተሻ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው ቀይ ሲሊንደር ነው። አለ? አለ። ራይት ይደረግበታል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይኬዳል። ማጥፊያው ግን እሳቱ ከተነሳ በኋላ የሚፈለግ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን። ከዚያ በፊት መልስ የሚፈልገው ጥያቄ ይሄ ነው፦ እዚህ ቤት ውስጥ ሙቀት የሚያወጣ ነገርና የሚቀጣጠል ነገር የት ቦታ ላይ፣ በስንት ሰዓት ይገናኛሉ?

አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደውን ዓይነት ቤት እንውሰድ። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከኋላ መጋዘን፣ ከላይ ቆጥ።

ሰዓት ምረጡ

ቀን ተይዞለት፣ ተጠርጎ፣ ተስተካክሎ የጠበቃችሁን ቤት ብትፈትሹ የምታዩት መጥረጊያውን ነው። ሥራ በሚጧጧፍበት ሰዓት ሂዱ። ከተቻለ ደግሞ ሱቅ ሲዘጋ፣ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ድገሙት። ያኔ ማን ምን ሰክቶ እንደሚሄድ ይታያል።

ከውጭ ጀምሩ

በሩ ጋ ቁሙና መንገዱን ተመልከቱ። የእሳት አደጋ መኪና ይገባል? መንገዱ ላይ ሸራ ተወጥሯል? ዕቃ ተዘርግቷል? ገመድና ሽቦ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል? ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል እሳቱን ለመቆጣጠር ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ የመንገዱ ጥበት ነበር። ጎረቤትንም እዩ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ብየዳ ቤት ወይም ዳቦ ቤት ካለ የእሱ እሳት የእናንተም ነው።

ከዓይን በፊት አፍንጫ

እንደገባችሁ አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል? ቲነር፣ ቤንዚን፣ ማስቲሽ? የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ይሄዳል፤ ጀሪካኑ አንድ ጥግ ላይ ሆኖ የሚያቀጣጥለው ፍንጣሪ ሌላ ጥግ ሊሆን ይችላል። የማብሰያ ጋዝም እንደዚሁ ታች ነው የሚተኛው፤ ስለዚህ ጎንበስ ብላችሁ አሽቱ። ሽታው ከበረታ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ። በር ክፈቱና ውጡ። ጀነሬተር ካለ ነዳጁ የት እንደሚቀመጥና ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ይሞላ እንደሆነ ጠይቁ።

ኤሌክትሪኩ ላይ አትቸኩሉ

መጀመሪያ ቆጣሪውና ብሬከሩ ያሉበት ቦታ ሂዱ። ፊቱ ዕቃ ተደርድሮበት ከሆነ አንድ ነጥብ ጻፉ፤ በአደጋ ሰዓት መብራት ለማጥፋት ካርቶን የሚያነሳ ሰው የለም። ከዚያ ሽፋኑን ሳትከፍቱ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉት። ሞቋል? ጠርዙ ጠቁሯል? ይጮሃል? የላላ ብሎን ነው የሚያሞቀው፣ ለባለሙያ ይነገር።

አሁን ዋናው ጥያቄ። "ብሬከር ቀይራችሁ ታውቃላችሁ?" በሉ። መልሱ "አዎ፣ እየጠፋ አስቸግሮን በትልቅ ቀየርነው" ከሆነ እዚያው ቁጭ በሉ። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ 32 አምፔር ብሬከር ተደርጎ ካገኛችሁ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ብሬከሩ ምንም አይልም። ብሬከሩ ሲያስቸግር የነበረው ሥራውን ስለሠራ ነው፤ ሰዎቹ ግን ጠባቂውን አባረው ሌባውን አስገቡ።

የሶኬት ማከፋፈያውን ገልብጡት። ጀርባው ላይ ስንት አምፔር እንደሚችል ተጽፏል። 10 ካለ በ220 ቮልት የሚሸከመው 2,200 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ወደ 16 አምፔር። ሒሳቡ አለቀ። ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ ተሰክቶ፣ ገመዱ ምንጣፍ ሥር አልፎ፣ በር ሲዘጋ የሚጨፈልቀው ከሆነ ደግሞ ፎቶ አንሱ። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ የሽቦ መገጣጠሚያም ኮርኒስ ላይ አይታችሁ አትለፉ።

ጥበቃውን አክብራችሁ ጠይቁ። "ጋሼ፣ ማታ ሲበርድዎት ምን ያደርጋሉ?" የሚሞቅበት ስቶቭ የሚገኘው በዚህ ጥያቄ ነው እንጂ በመፈለግ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቆጡ ሥር ነው፤ ከላዩ ስፖንጅ ፍራሽ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እባካችሁ ስቶቩን ወስዳችሁ ብቻ አትሂዱ። ሰውየው ነገ ከሰል ያመጣል። ከዕቃው የራቀ፣ የሚሞቅበትና ሻይ የሚያፈላበት ቦታ እንዲሰጠው ለባለቤቱ ጻፉ።

ዕቃው ምንድን ነው?

"ዕቃ" አትበሉ፣ ስሙን ጻፉ። ስፖንጅ ከተቀጣጠለ በደቂቃዎች ቤቱን በመርዛማ ጭስ ይሞላዋል። ሽቶና የሚረጭ ቆርቆሮ ሲሞቅ ይፈነዳል። ጥጥና ጨርቅ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ቆይቶ በኋላ ይነሳል። የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ይዞ ከተከመረ በራሱ ይሞቃል፤ በዘይት የተነከረ የቀለም ቤት ጨርቅም ተጠቅልሎ ከተጣለ እንደዚያው።

እህል መጋዘን ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ፈታሽ አያየውም። የነቀዝ ክኒኑን ፈልጉ። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ገዳይ ነው፣ ሲበዛም ይቀጣጠላል። ስለዚህ ቆርቆሮው የሚያፈስበት ቦታ ሥር የተቀመጠ የክኒን ካርቶን፣ ክረምት ላይ የእሳት አደጋ ነው፤ በውኃ ላጥፋ ማለትም ያባብሰዋል። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ፣ የዝገት መስመር ወይም የቀን ብርሃን ካያችሁ ካርቶኑ ዛሬውኑ ይነሳ።

ማዳበሪያ ያለበት መጋዘንም ቀልድ አይደለም። ቤይሩት ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 የፈነዳው በአንድ መጋዘን የተከማቸ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ ይህ ለማዳበሪያነት የሚውል ኬሚካል ነው። ከነዳጅና ከሚቀጣጠል ነገር ተለይቶ መቀመጡን አረጋግጡ።

አደራደሩንም አትርሱ። ክምሩ ከአምፖሉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ፣ በመሃሉም ሰው ይለፍ። ብየዳ ካለ ፍንጣሪው 10 ሜትር ድረስ ሊሄድ ስለሚችል ዕቃው ይራቅ ወይም ይሸፈን፤ ሥራው ካለቀ በኋላም አንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቅ። በያጁ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ወጣ ማለት ቦታው ተጠበቀ ማለት አይደለም።

መውጫው

ከቆጡ ላይ ጀምራችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ያህል፣ ወደ በሩ ሂዱ። ስንት ነገር እግራችሁን ያዘ? መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው? ከውስጥ ይከፈታል? ማታ ከውጭ ተቆልፎ ጥበቃው ውስጥ ይቀራል? ይሄን የመጨረሻውን በቀጥታ ጠይቁ፣ ሰው ያፍርበታል እንጂ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካራቺ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል ከ250 በላይ ሰው የሞተው በሮች ተቆልፈው፣ መስኮቶች በብረት ተዘግተው ስለነበር ነው። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ይሁን።

አሁን ማጥፊያው

መርፌውና ማኅተሙ አለ? የዱቄት ከሆነ ጠቋሚው አረንጓዴው ላይ ነው? የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጠቋሚ ስለሌለው ይመዘናል። ዱቄቱን ገልብጡት፤ ሲወርድ ካልተሰማችሁ ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ስጡት። የተሰቀለው በሩ አካባቢ ይሁን፤ መጋዘኑ ጥልቅ ውስጥ ያለ ማጥፊያ ሰውን ወደ እሳቱ ይጠራል። ከዚያ ሠራተኛ መርጣችሁ "አሳየኝ" በሉት። መርፌውን መንቀል ካላወቀ ማጥፊያ የላቸውም ብላችሁ ጻፉ።

ስትጽፉ

"የኤሌክትሪክ ችግር አለ" ብላችሁ አትጻፉ፣ ማንም አይነካውም። "ከቆጡ ሥር፣ ግራ፣ ሁለተኛው ሶኬት፣ ቀልጧል፣ እስከ ዓርብ ይቀየር፣ ኃላፊው እከሌ" ይባል። ስቶቩንና የተቆለፈውን በር ግን ለዓርብ አታሳድሩ፣ ቆማችሁ አስተካክሉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥሩ 939 በትልቁ በሩ አጠገብ ይለጠፍ፤ ከሥሩም የቤቱ አድራሻና መኪናው የሚገባበት መንገድ ይጻፍ፣ በድንጋጤ ሰዓት ጥበቃው አንብቦ እንዲናገረው።