የጀት ስኪ (የውሃ ላይ ሞተር ብስክሌት) ቱ ስትሮክ ሞተር፣ ማለትም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠልበት ሞተር፣ እንዴት ይቀየራል? ከተቀየረስ በኋላ እንዴት ይያዛል?

አዲስ ሞተር ከመግጠማችሁ በፊት አሮጌውን ምን እንደገደለው እወቁ። ሞተር በምክንያት ነው የሚሞተው። ምክንያቱን ሳታገኙ አዲሱን ከገጠማችሁ እሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም ገና ሳትጠግቡት። ስለዚህ መፍቻ ከመያዛችን በፊት እንመርምር።

እዚህ የማወራው ስለ ባለሁለት ሲሊንደሩ ያማሃ 701 ነው። ሱፐርጄትና የድሮዎቹ ዌቭራነሮች በሚባሉት የያማሃ ጀት ስኪዎች ላይ የምታገኙት እሱን ነው። ካዋሳኪ ወይም ሲዱ የሚባል ሌላ ጀት ስኪ ያላችሁም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ የሚለይበትን ቦታ እጠቁማለሁ።

መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት፣ ለኩ። ሁለቱንም ካንዴላ ፍቱና ገመዶቻቸውን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። ይህን አትዝለሉት፤ በአየር ላይ ከተተዉ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ሊያቃጥሉ ይችላሉ፣ የቤንዚን ትነት ካለም እሳት ይነሳል። መለኪያውን አስገቡ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥግ ያዙ፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ሞተሪኖውን (የማስነሻውን ሞተር) አሽከርክሩ። ጤነኛ 701 ወደ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያሳያል። ከ120 በታች ከወረደ፣ ወይም በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ውስጡ ተጎድቷል።

አሁን ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አንስታችሁ፣ ሲሊንደሩን አውጥታችሁ ፒስተኖቹን በብርሃን እዩ። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከላይ ወደ ታች ከተቧጨረ ብዙውን ጊዜ ቤንዚን አንሶት ግሏል ማለት ነው። ዙሪያውን አራት ቦታ ላይ ከተቧጨረ ሞተሩ ሳይሞቅ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶታል። ዙሪያውን በሙሉ ተፍቆ ደረቅ ከሆነ ዘይት አልደረሰውም። ደግሞ ይህን አስተውሉ፦ የተጎዳው አንዱ ሲሊንደር ብቻ ከሆነ ችግሩን በዚያ በኩል ባለው ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው)፣ ጋስኬት (በብረቶቹ መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም ኦይል ሲል (የዘንጉ ማሸጊያ ጎማ) ፈልጉ። ሁለቱም ከሆኑ የጋራ የሆነውን ነገር ጠርጥሩ፤ የቤንዚን መስመር፣ የዘይት ፓምፕ ወይም በአሸዋ የተደፈነ የውሃ ማቀዝቀዣ ቱቦ።

በእኔ ግምት ዋናው ጥፋተኛ የቤንዚን ቱቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት ሲዱዎች ላይ ያለው ግራጫ ቱቦ ከውስጥ እየሟሟ አረንጓዴ ዝቃጭ ይሆናል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ወንፊት በዚያ ትደፈናለች፣ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ከዚያ ፒስተኑ ይጣበቃል። ግራጫ ቱቦ ካያችሁ ሳታቅማሙ ሁሉንም ቀይሩ፣ ካርቡሬተሩንም ፈታችሁ እጠቡ። ያማሃም ላይ ቢሆን የደረቀና የተሰነጠቀ ቱቦ አትመልሱ።

ወደ መፍታቱ እንግባ። የባትሪውን ኔጋቲቭ አንሱ። እያንዳንዱን ቱቦና ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ካርቡሬተሮቹን፣ የጭስ ማውጫውንና ሽቦዎቹን አውጡ። ጨው የበላው ብሎን እምቢ ካለ አትታገሉት፤ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭታችሁ አሳድሩት፣ ምክንያቱም ብሎኑ ውስጥ ከተሰበረ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ሞተሩን የያዙትን አራት ብሎኖች ስትፈቱ ከሥራቸው ቀጫጭን የብረት ዋሸር መሰል ነገሮች ታገኛላችሁ። የትኛው ከየትኛው ጥግ እንደወጣ ጻፉ፤ የሞተሩን ከፍታ የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። ከዚያ ሞተሩን ወደፊት ስባችሁ ከኋላው መጋጠሚያ (ሞተሩን ከፓምፑ ዘንግ ጋር ከሚያያይዘው) አላቁትና ለሁለት ሆናችሁ አንሱት። ብቻችሁን እንዳትሞክሩ፣ ወገብ አይተርፍም።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት አየር ያፈስ እንደሆነ ፈትሹ። የአየር መግቢያውንና የጭስ መውጫውን ድፈኑ፣ ከ5 እስከ 8 ፒኤስአይ አየር ሙሉና ለጥቂት ደቂቃ መርፌውን ተመልከቱ። ከወረደ የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ነው የሚያፈሰው።

ስትገጥሙ በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያለውን ጎማ እዩ፤ ካለቀ ቀይሩት። ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ መጋጠሚያዎች ላይ አጋድሙ፣ ከላይም ከጎንም። ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ እነዚያን ቀጫጭን ብረቶች እየጨመራችሁ ወይም እየቀነሳችሁ አስተካክሉ። እዚህ ላይ ታገሱ፤ የተጣመመ አገጣጠም ንዝረት ያመጣል፣ ቤሪንግም ይበላል። ሲዱ ሌላ ዓይነት ዘንግ ስላለው የራሱ መለኪያ ያስፈልገዋል።

ለመጀመሪያው ታንክ ዘይት አብዙ። የዘይት ፓምፕ ከሌለው 25 ለ 1፣ ማለትም ለ10 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊሊትር። ከዚያ በኋላ 50 ለ 1 ይበቃል፣ 200 ሚሊሊትር። ፓምፑ ካለ ደግሞ መስመሩ ውስጥ ያለውን አየር አስወጡ፣ ለመጀመሪያው ታንክ ብቻ ቤንዚኑ ላይ 50 ለ 1 ዘይት ጨምሩበት። ለያማሃው ቲሲ ደብሊው 3 (TC-W3) የሚል ዘይት ይሆናል። ሬቭ ቫልቭ (የጭስ መውጫውን ከፍታ የሚቀያይር መዝጊያ፣ RAVE) ያላቸው ሲዱዎች ግን ኤፒአይ ቲሲ (API TC) የሚል ዘይት ይፈልጋሉ፣ አታምታቱ። ታንኩ እስኪያልቅ ፍጥነቱን እየቀያየራችሁ ንዱ፣ ሙሉ ነዳጅ ላይ አትቆዩ። ካንዴላው ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ወዲያው አቁሙና የቤንዚኑን መስመር ፈትሹ።

ከፍታውንም አስቡበት። ሐዋሳ ሐይቅ ከባህር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል። ለዚያ ተብሎ ቤንዚን የተቀነሰበት ካርቡሬተር ጅቡቲ ባህር ላይ ከወረደ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት የቤንዚኑን መጠን ወደ ነበረበት መልሱት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሐይቁን ደንብ ጠይቁ፤ ለምሳሌ ታሆ ሐይቅ ከ1999 ጀምሮ ካርቡሬተር ያለውን ቱ ስትሮክ አያስገባም።

ከጨው ውሃ በኋላ ሁሌ በንጹህ ውሃ እጠቡት። ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ ሞተሩን አስነሱ፣ ከዚያ ውሃውን ክፈቱ፤ ስትጨርሱ ውሃውን ዝጉ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፉ። ከተገላበጠ ውሃው በጭስ መውጫው ዞሮ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ድንገት ውሃ ከገባበት እስከ ነገ አታቆዩት፣ ዝገት በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ ገመዶቹን ከብረት ጋር አገናኙ፣ ውሃው ተተፍቶ እስኪያልቅ አሽከርክሩ። በሁለቱም ቀዳዳ የሞተር መከላከያ ዘይት ርጩ፣ አዲስ ካንዴላ አስገቡና በዚያው ቀን አስነስታችሁ በደንብ አሙቁት።