የአንበሳውን ጸጉር ተረት ያለ አንበሳ መቅረጽ

ተረቱ የታወቀ ነው፤ የእንጀራ ልጇ ፊት የነሳት ሴት አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች፣ እሱም «ከሕያው አንበሳ ጎፈር ሦስት ጸጉር አምጪ» ይላታል። ሥጋ እየጣለች ቀን በቀን ትጠጋዋለች። ይህን በሰው ተዋንያንና በስልክ ካሜራ ሰሜን ሸዋ ላይ ለመቅረጽ የተነሳ ቡድን መጀመሪያ የሚጨነቀው አንበሳው ከየት ይምጣ ብሎ ነው። አይምጣ። የኮምፒውተር አንበሳ ልሥራ ማለት ገንዘብ ጨርሶ ተመልካች ማሳቅ ነው።

አንድ ገጽ ጽሑፍ አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሚሆን ለ10 ደቂቃ ፊልም 10 ገጽ ይበቃል። መጠጋቷን በሦስት ቀን አሳዩ፦ በ50 እርምጃ፣ በ15 እርምጃ፣ ከዚያ እጅ በሚደርስበት። በየቀኑ ልብሷ ካልተለወጠ ሁሉም አንድ ቀን ይመስላል።

በአንበሳው ዓይን ስታዩ ካሜራው ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሣሩ መሀል ቀስ እያለ ይሂድ። በዚያው ከፍታ ዱላ ተክላችሁ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ ተዋናይቷ የምታየው እሱን ነው። ይህ ከተዘለለ አንዴ ካሜራ ያዡን አንዴ ሰማዩን ታያለች፣ አንበሳው ያኔውኑ ይጠፋል።

አንበሳው ባይታይም ጸጉሩ ሲነቀል ጎፈሩ በቅርብ ይታያልና ዋናው ሥራ እሱ ላይ ነው። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ስለሆነ ይስማማል፤ ጥቁርና ቡኒውን ከቀላቀላችሁ ማቅለም አያስፈልግም፣ የኛ አገር አንበሳ ጎፈሩ ጠቆር ያለ ነውና። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፋችሁ አለቅልቁት እንጂ አትሹት፤ ከታሸ ይጣበቃል። 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ጨርቅ ላይ ከታች ጀምራችሁ በረድፍ ስፉት፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ስፌት ይሸፍናል። ከሥር አንድ ሰው እጁን አስገብቶ እንደ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ያድርገው። የሚነቀሉትን ሦስት ጸጉሮች ግን አትስፏቸው፣ በጥቂት ሰም አጣብቁ፤ የተሰፋ ሲሳብ ጨርቁ አብሮ ይነሳል፣ ጉዱም ይወጣል።

ለድምፁ ሰው ባዶ እንስራ ውስጥ በጉሮሮው ይተንፍስ፣ ስልኩም እንስራው አፍ ላይ ይሁን። ከዚያ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱ። አጥንት ሲሰበር ደረቅ የማሽላ አገዳ ስበሩ።

ጥሬ ሥጋ ውሻና አሞራ ይጠራል። ስለዚህ የቅርቡን ምስል በእውነተኛ ሥጋ ቶሎ ቅረጹና ለሩቁ ቀይ ጨርቅ ጠቅልሉ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነውና ሥጋውን ቀደም ብላችሁ አስቡበት።

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ከዚያ በኋላ ፊት ላይ ጥላው ይጠነክራል። ነጭ ነጠላ በፀሐይ ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ የካሜራውን የብርሃን ልክ ፊቷ ላይ ለክታችሁ ቆልፉና ትንሽ ቀንሱት። ከበግ ጸጉር የሚሠሩት ባና እና በርኖስ እንዲህ አያስቸግሩም። ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለው ውርጭ ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን ከልብስ ሥር ያዙ። ከብርድ ወደ ሞቀ ጎጆ ስትገቡ ስልኩን ከቦርሳ ሳታወጡ 15 ደቂቃ ቆዩ፤ አለዚያ ሌንሱ ላብ ይይዛል። ቤት ውስጥ አምፖል ካለ ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ሰከንድ አድርጉ፣ ብርሃኑ እንዳይርገበገብ።

ነፋሱ ድምፅ ያበላሻል፤ ከጎፈሩ የተረፈውን ጸጉር ስስ ጨርቅ ላይ ሰፍታችሁ ማይኩን አልብሱት። ቆዳ ያለው ለምድ አይሆንም፣ ድምፁን ያፍናል።

መንዝ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ለመቅረጽ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ሣሩንም አትንኩ። ፈቃዱ ከዘገየ ወገብ የሚደርስ ሣር ያለበት ማንኛውም ዳገት ይበቃል፤ ካሜራው ዝቅ ሲል የ10 እርምጃ ስፋት ሜዳ ሙሉ ይመስላል።