ፖርቱጋል ውስጥ ሳታዙ የመጣው ዳቦ በነፃ አይደለም

ፖርቱጋል ሄዳችሁ ምግብ ቤት ስትገቡ፣ ገና ሜኑውን ሳትገልጡ አስተናጋጁ ዳቦ፣ ቅቤ፣ የወይራ ፍሬ፣ አንዳንዴም አይብ ጠረጴዛው ላይ ደርደር አድርጎ ይሄዳል። የቤቱ ግብዣ እንዳይመስላችሁ! «ኩቬር» ይሉታል፤ ከበላችሁት ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ዳቦና ወይራው ብዙም አይጎዳም። አይቡ ነው ጉዱ።

ካልፈለጋችሁ ወንዱ «ናው፣ ኦብሪጋዱ» (አይ፣ አመሰግናለሁ)፣ ሴቷ ደግሞ «ኦብሪጋዳ» ብላችሁ መልሱት። የቀረበ ነገር መመለስ ይከብደን ይሆናል፤ እዚያ ግን ማንም አይቀየምም። ያላዘዛችሁትንና ያልነካችሁትን ማስከፈል በሕጋቸውም ክልክል ነው። ቢሆንም ሂሳቡን አየት አድርጉት። እኔ ወይራውን አስቀርቼ ሌላውን እመልሳለሁ።

ከምግብ በኋላ ሊዝበን ውስጥ «ቢካ» ካላችሁ፣ በትንሽ ስኒ ወፈር ያለች ቡና ትመጣላችኋለች።