ለባንጁሉ ኮሚሽን አቤቱታ ሲጻፍ

መቀመጫውን በጋምቢያዋ ባንጁል ላደረገው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቤት ለማለት ጠበቃ ግዴታ አይደለም፤ ክፍያም የለም። ተበዳዩ ካልቻለ ሌላ ሰው ወይም ድርጅት ሊያቀርብለት ይችላል። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው ግን ፍሬ ነገሩ ሳይታይ፣ ገና ኮሚሽኑ በሚመራበት የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 56 ላይ ነው። አንቀጹ ሰባት መስፈርቶች አሉት፤ አንዱ ቢጎድል መዝገቡ ይዘጋል።

የሚከሰሰው የቻርተሩ አባል የሆነ መንግሥት ነው፤ ኢትዮጵያ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በዳዩ ግለሰብ ከሆነ መንግሥት መከላከል ወይም መቅጣት ሲገባው ዝም ማለቱን ያሳዩ። በኢትዮጵያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው የጠለፋ ጉዳይ የሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ ኮሚሽኑም ለተበዳይዋ 150,000 ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ጠይቋል።

ከመስፈርቶቹ አስቸጋሪው የአገር ውስጥ መፍትሔን፣ ማለትም የአገሩን ፍርድ ቤቶች፣ አሟጦ መጨረስ ነው። «ብንጮህ ሰሚ አጣን» አይበቃም። ከመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ያለውን የመዝገብ ቁጥር፣ የውሳኔ ቀንና ውጤት በቅደም ተከተል ጽፈው ኮፒውን ያያይዙ። የዘለሉት ደረጃ ካለ ለምን እንደዘለሉት በማስረጃ ያስረዱ፤ ጉዳዩ ያለአግባብ ከተጓተተ ቀጠሮዎቹን በየቀናቸው ይደርድሩ። «ፍርድ ቤቶቹ ነጻ አይደሉም» የሚል ጥቅል ወቀሳ ሚዛን አይደፋም።

ቻርተሩ የማስገቢያ ቀን አይቆርጥም፤ «ምክንያታዊ ጊዜ» ብቻ ይላል። በዚምባብዌ ላይ የቀረበ አንድ አቤቱታ 22 ወር በመዘግየቱ ወድቋል። ከመጨረሻው ውሳኔ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ ማስገባቱ ይሻላል።

ቋንቋውም ይጥላል። በካሜሩን ላይ የቀረበ ከባድ የማሰቃየት ክስ ውድቅ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ «የገራፊዎች አገዛዝ» የሚል ስድብ ነው። (ስድብን የሚከለክለው ደንብ ለመንግሥታት ያደላል ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ግን አለ።) ስለዚህ ቅጽሉን አውጥተው ድርጊቱን ይጻፉ፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን አደረገ። የጋዜጣ ዘገባ ማያያዝ ይቻላል፤ ብቻውን ግን አይቆምም፤ የሕክምና ማስረጃና የምስክር ቃል ያክሉበት።

ስምዎ ለመንግሥት እንዳይገለጽ መጠየቅ ይችላሉ፤ ለኮሚሽኑ ግን መስጠት ግድ ነው። ሕይወት ላይ ያንዣበበ አደጋ ካለ ጊዜያዊ እርምጃ (ውሳኔ እስኪሰጥ ጉዳቱን የሚያስቆም ትእዛዝ) እንዲታዘዝ የሚጠይቀውን የአቤቱታዎን ክፍል በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያኑሩት።