ጀልባችን ወደ ጎን ስንት ዲግሪ እንደምትገፋ የለካሁበት ዘዴ

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሳ ጀልባችን ፊቷን ማዶ ወዳለው ዛፍ አዙራ ወደ ጎን ትንሸራተታለች። ነጂው በግምት ያቃናታል። እኔ ግን ልኩን ማወቅ ፈለግኩ።

ኮምፓስ አላዋጣም። የሞተሩ ብረት መርፌውን ይስበዋል።

መፍትሔው መርከበኞች ፔሎረስ የሚሉት መሣሪያ ሆነ። ማግኔት የለውም። በዲግሪ የተከፋፈለ ሳህንና በላዩ የሚዞር ማነጣጠሪያ ነው፣ በቃ። እኔ በተማሪ ፕሮትራክተር ሠራሁት። ጣውላ ላይ ለጥፌ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ዘንግ በብሎን አሰርኩ። በዘንጉ ሁለት ጫፎች ሚስማር አቆምኩ። ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው፦ ከጀልባዋ ፊት እስከ ኋላዋ መሃሏን ይዤ ሲባጎ ወጠርኩና 90ውን ከሲባጎው ጋር ልክ በልክ አገጣጠምኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ከተዛባ ንባቡ ሁሉ ይዛባል።

ከዚያ ነጂው መሪውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። እኔ ኋላ ቁጭ ብዬ በሁለቱ ሚስማሮች በኩል ጀልባዋ ውሃው ላይ ትታው የሄደችውን የአረፋ መስመር አነጣጥራለሁ። ዘንጉ ከ90 የራቀበት ዲግሪ ነው መንሸራተቱ። ሞተሩ ሥር ያለው ውሃ ስለሚተራመስ ራቅ ያለውን አረፋ ተመልከቱ። ደጋግማችሁ ለክታችሁም አማካዩን ውሰዱ።

6 ዲግሪ ማለት በ1 ኪሎ ሜትር 105 ሜትር ያህል መሳት ነው። ስለዚህ ፊቷን ያንኑ 6 ዲግሪ ወደ ነፋሱ መልሱ። ዘዴው የሚያሳየው የነፋሱን ግፊት ብቻ ነው። ውሃው ራሱ የሚፈስ ከሆነ፣ ባሕር ላይ እንደሚያጋጥመው፣ አረፋውም አብሮ ስለሚሄድ ፍሰቱ በዚህ አይታይም።