ከቤት ሆኖ መሥራት፦ ውሳኔው በእርግጥ የእርስዎ መሆኑን እንዴት ያረጋግጣሉ?

በሐዋሳ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ከቤት ሆነው እንዲሠሩ ቢፈቅድ፣ አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያሰላው የባጃጅና የምሳ ወጪውን፣ የኢንተርኔቱንና የመብራቱን ሁኔታ ነው። ይህ ሊሰላ የሚገባው ቢሆንም በቁጥር ስለሚገለጽ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የባልደረቦች፣ የአለቃ፣ የቤተሰብና የጎረቤት አስተያየት ሠራተኛው ሳያስተውለው ምርጫውን ሲመራው ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ በስብሰባ ላይ ከመነሣቱ በፊት ምን እንደሚፈልጉና ለምን እንደሚፈልጉት ለብቻዎ ሆነው ይጻፉ። በመሥሪያ ቤቶቻችን የክፍሉ ኃላፊ ወይም በዕድሜ የገፋ ባልደረባ ቀድሞ ሐሳቡን ከሰነዘረ በኋላ የተለየ ሐሳብ ይዞ መነሣት እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ በስብሰባው የሚሰማው ስምምነት የሁሉንም ፍላጎት ላያሳይ ይችላል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ብዙዎች ከቤት እንዲሠሩ መደረጉም ለዛሬው ውሳኔ እምብዛም አይረዳም፤ ያኔ ምርጫ አልነበረምና።

ቀጥሎ ባልደረቦችዎን በተናጠል ያነጋግሩ፤ ጥያቄው ግን «ምን ትመክሩኛላችሁ?» ሳይሆን «በየትኞቹ ቀናት ቢሮ ትገባላችሁ?» የሚል ይሁን። ኬቨን ሮክማንና ማይክል ፕራት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሠራተኞች ከቢሮ የሚቀሩት ከቤት መሥራትን ስለወደዱ ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎች በመቅረታቸው ቢሮው ባዶ ስለሆነባቸውም ጭምር መሆኑን አሳይተዋል። ቡድኑ በሙሉ የሚገናኝበት አንድ ቋሚ ቀን እንዲኖር አስቀድሞ መስማማት እንዲህ አንዱ ሌላውን እያየ መቅረቱን ይገታል።

ከአለቃ ጋር የሚደረገው ውይይት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲትሪፕ የተባለው የቻይና የጉዞ ድርጅት ከ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለዘጠኝ ወራት ባካሄደው ሙከራ፣ ከቤት የሠሩት የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች አፈጻጸም በ13 በመቶ ከፍ ብሏል። ሆኖም ከሥራ ውጤታቸው አንጻር ሲታይ የደረጃ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ በኋላ እንደገና እንዲመርጡ ሲፈቀድም ከሙከራው ተሳታፊዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የነበሩበትን ቀይረዋል፤ ከቤት ሲሠሩ በቆዩት ዘንድ ዋናው ቅሬታ ብቸኝነት ነበር። እንግዲህ አለቃዎ በቃል «ችግር የለም» ማለታቸው ስለማይበቃ፣ ሥራዎ በምን እንደሚመዘንና ዕድገት ሲታሰብ ከቤት መሥራትዎ እንዴት እንደሚታይ በቀጥታ ይጠይቁ።

ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ቤቱ ነው። በጋራ ግቢ ውስጥ የሚኖር ወንድ ቀን ቀን ቤት ሲታይ ከሥራ እንደተባረረ ይወራበታል፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ለልጅ ጥበቃ፣ ለእንግዳና ለወጥ እንደተመቸች ተቆጥራ ሁለት ሥራ በአንድ ደመወዝ ትሠራለች። በእኔ ግምት ብዙዎች ወደ ቢሮ የሚመለሱት ሥራው ከብዷቸው ሳይሆን ይህ ስለሰለቻቸው ነው። ስለሆነም ከመወሰንዎ በፊት የቤተሰቡን አባላት፣ አማትም ካሉ እርሳቸውን ጨምረው፣ ያነጋግሩ፤ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ፣ በር ሲንኳኳ ማን እንደሚከፍት፣ ከመናኸሪያ ደውሎ «መጥቻለሁ» የሚል ዘመድን ማን እንደሚቀበል ይስማሙ። በሕግ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንደማይበልጥ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለተደነገገ፣ ይህን ልክ ለቤተሰቡም ለአለቃዎም እንደ ወሰን ሊያቀርቡት ይችላሉ።

የጎረቤት ቡናን ፈጽሞ መተው አይመከርም፤ የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ከሚያስከትለው ቅሬታ ያነሰ ነውና። «እትዬ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ለአቦሉ ባልደርስ ለቶናው እመጣለሁ» ማለት አክብሮትንም የሥራ ሰዓትንም ይጠብቃል፤ ሥራ እንዳለዎም ለግቢው ሁሉ ያሳውቃል።

ይህን ሁሉ ካጣሩ በኋላ መጀመሪያ የጻፉትን ያንብቡ። ሐሳብዎ ተለውጦ ከሆነ፣ የለወጠው አዲስ መረጃ ነው ወይስ የሰው ፊት? የሰው ፊት ከሆነ የሦስት ወር ሙከራ ይጠይቁ እንጂ ለዘለቄታው አይፈርሙ። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ቅጂው ለሰው ሀብት ክፍል ይድረስ፤ በውስጡም ከቤት የሚሠሩባቸው ቀናትና በስልክ የሚገኙባቸው ሰዓታት፣ ወደ ቢሮ መመለስ ቢፈልጉ ስንት ቀን አስቀድመው እንደሚያሳውቁ፣ እንዲሁም ጠረጴዛዎ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቢገኝ የት እንደሚቀመጡ ይገለጽ።