ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ እንዴት እንደሚመረመር

አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ መንቀራፈፍ ሲጀምር ብዙ ሰው ወዲያው ፋይል ወደ መሰረዝ ወይም ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ወደ መጫን ይሄዳል። ይህ ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው። ፍጥነት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከሦስት በአንዱ ነው፦ ራሙ (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ሞልቷል፣ ዲስኩ (ፋይሎች የሚቀመጡበት) ደክሟል ወይም ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ታፍኗል። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ምንም ነገር አይንኩ፤ ገንዘብም አያውጡ።

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ በተንቀራፈፈበት ሰዓት «ሲስተም ሞኒተር» የሚባለውን ፕሮግራም ይክፈቱ። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች በአብዛኞቹ ስሪቶች አብሮ ይመጣል። በደህናው ሰዓት ቢከፍቱት ምንም አያሳይዎትም፤ የሚፈለገው ሕመሙ በተነሳበት ጊዜ ማየት ነው። «ሪሶርስስ» በሚለው ገጽ የፕሮሰሰሩን፣ የራሙንና የስዋፑን መስመሮች ያገኛሉ። ስዋፕ ማለት ራም ሲሞላ ስርዓቱ ከዲስኩ ላይ የሚበደረው ቦታ ነው። «ካሽ» የሚለው ቁጥር ከፍ ቢል ግን አይደንግጡ፤ ሊኑክስ ሥራ የፈታውን ራም ፋይሎችን ለማፍጠን ይጠቀምበታል፣ ሲፈለግም ወዲያው ይለቀዋል።

ራሙ ሊሞላ ተቃርቦ ስዋፑም እየጨመረ ከሄደ፣ የዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ካለ፣ የማውዙም ቀስት ቆም እያለ ከዘለለ ችግሩ ራም ነው። «ፕሮሰስስ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱና «ሜሞሪ» የሚለውን ርዕስ ይጫኑ፤ ብዙ የሚበላው ከላይ ይሰለፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚገኘው ብሮውዘሩ ነው። ፋየርፎክስ ከሆነ ከዝርዝሩ ውስጥ «ሞር ቱልስ»፣ ከዚያም «ታስክ ማናጀር» ሲሉ የትኛው ታብ ምን ያህል ራም እንደያዘ ለይቶ ያሳያል። ከሃያ ታብ መካከል ሁለቱን መዝጋት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ምንም ሳይከፍቱም ራሙ ግማሽ ከደረሰ የሚከብደው የዴስክቶፑ ገጽታ ራሱ ነው። ኡቡንቱ ይዞት የሚመጣው ግኖም የተባለው ገጽታ 4 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ራም ላለው ማሽን ሸክም ነው። ለዚህ ሲባል ስርዓቱን አጥፍቶ እንደገና መጫን አያስፈልግም። ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ገጽታ ከሶፍትዌር ማከማቻው ይጫኑ፤ ከዚያ ሲገቡ ስምዎን ተጭነው ከታች በቀኝ ባለው የጥርስ መዘውር ምልክት ይምረጡት። ፋይሎችዎ ሁሉ እንደነበሩ ይቆያሉ። ራም ሊገዙ ከወሰኑ ግን የነበረውን አውጥተው ጽሑፉን ያንብቡ። ዲዲአር3 የተባለውን የቆየ የራም ዓይነት በሚጠቀሙ ላፕቶፖች ላይ 1.5 ቮልትና 1.35 ቮልት የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ ዝቅተኛውን ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ በሌላው አይሠራም።

ራሙም ፕሮሰሰሩም ዕረፍት ላይ ሆነው ፕሮግራም ለመክፈት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ዲስኩን ይጠርጥሩ። መጀመሪያ አለመሙላቱን ያረጋግጡ፤ ሚንት ላይ ታይምሺፍት የተባለው የመጠባበቂያ ፕሮግራም የሚያስቀምጣቸው የስርዓቱ ቅጂዎች ሳይታወቅ ብዙ ቦታ ይወስዳሉ። ቀጥሎ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ከፍተው ዲስኩን ይምረጡና ከነጥቦቹ ዝርዝር «ስማርት ዳታ» የሚለውን፣ ማለትም ዲስኩ ስለ ጤንነቱ ራሱ የሚመዘግበውን፣ ይዩ። የተበላሹና የተተኩ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍልፋዮች) ቁጥር ከዜሮ በላይ ሆኖ በየጊዜው የሚጨምር ከሆነ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትተው ፎቶዎንና ሰነድዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ይህን ለነገ አያሳድሩት።

ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ) መተካት፣ በእኔ እምነት፣ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከሚደረገው ሁሉ የላቀ ውለታ ነው። ሳታ በተባለው የዲስክ ማገናኛ የሚሰካ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ በአብዛኞቹ ላይ ልክ ይገባል። ማሽኑ የቆየውና ዝግ ያለው ሳታ 2 ቢኖረው እንኳ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፤ ምክንያቱም ትልቁን ጊዜ የሚበላው የዲስኩ ራስ ፋይል ፍለጋ ወዲያና ወዲህ መመላለሱ ነውና።

የቀረው ፕሮሰሰሩ ነው። አንድ ፕሮግራም ብቻ ይዞት ከሆነ ይዝጉት። ፍጥነቱ የሚወርደው ከሰዓታት ሥራ በኋላ፣ ታችኛው ጎኑ እጅ ሲያቃጥል ከሆነ ግን ሙቀት ነው፤ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የእህቴን ላፕቶፕ ስከፍት በማራገቢያውና በመዳቡ ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ግራጫ ባዘቶ ተደፍድፎ፣ ሳይበተን በአንድ ቁራጭ ወጣ። ሲያጸዱ ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ባትሪውን ይንቀሉ፤ አየር ሲነፉበት ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ይያዙት። የደረቀውንም የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ይቀይሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፕሮሰሰሩ አሁንም ከዝቅተኛው ፍጥነት አልነሳ ካለ ቻርጀሩን ይመልከቱ። አንዳንድ ላፕቶፖች የተሰካባቸውን ቻርጀር ካላወቁት ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከሌላ ሰው ትክክለኛውን ተውሰው ለአሥር ደቂቃ ይሞክሩት።